መብራቱን አጠፋሁለት

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፤ ጠ. 3፡10

መብራት የለም። ከትናንት ጀምሮ። የኤሌክትሪክ መኪና ጠጋኝ ኤሌክትሪክ አጥቶ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት ለጂንካ ሰው ጥሩ መዝናኛ ነው። ጎረቤቴ፣ የብየዳ ቤቱ ሰውዬ፣ ሦስቴ መጥቶ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱም ያለ መብራት ያው ሥራ ፈት ነው።

የመኪና ብልሽት የማነብበት ስካነር ግን በራሱ ባትሪ ይሠራል። ታሪኩ መጣ። ጂንካ–ካኮ የሚመላለሰው ሹፌር፣ የአሪው ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ጓደኛዬ። ከላንድክሩዘር ወርዶ ነጯን የኤሌክትሪክ መኪና ከያዘ ገና ስምንት ወሩ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶበታል። ዳገት ላይ አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ተዋት ይላል።

ኮዱን አነበብኩ፦ የሞተር አቀማመጥ ሴንሰር። ለታሪኩ ያስረዳሁት እንዲህ ነው። የሞተሯ ዓይን ነው። ሞተሩ ሲዞር የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እሱ ነው፤ ዓይኑ ሲጨልም ኮምፒውተሩ ኃይሉን ወዴት እንደሚልክ አያውቅም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ጭራሽ ያቆማል። ታሪኩ ራሱን ነቀነቀ። የገባው አይመስለኝም።

ምክንያቱን ለመፈለግ ሩቅ አልሄድኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ነሪ ወንዝ ውስጥ እስከ ሆዷ አስገብቶ ያጥባታል። ላንድክሩዘር እንዲህ ነበር የሚታጠበው፤ ሁላችንም የለመድነው ይኸንኑ ነው። ሶኬቱ ውስጥ ውሃ። አደረቅኩ፣ ጠረግኩ፣ ሽቦዎቹን በመልቲሜትር ለካሁ። ሦስት ጥንድ ናቸው፤ ሦስቱም ደህና። መብራቱ ጠፋ። ወንዝ እንዳታስገባት አልኩት። ታዲያ በምራቄ ላጥባት ወይ ብሎ ሳቀ።

ይኸው ጻፍኩ። ያሠለጠነን ሰውዬ "ሳትጽፍ አታጥፋ" ይል ነበር። ኮድ ከመሰረዝህ በፊት ምን እንደነበር በቀኑ መዝግብ ማለቱ ነው። አንተን የገዛሁህ ለዚህ ነበር፣ ደብተር። ሚስቴን ማማቱና ዕድሌን መርገሙ ኋላ የመጣ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፤ ከሰ. 8፡00

ገበያ። አቧራ። የአንድ አስጎብኚ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ ገባች፤ አይጥ ሽቦ በልቶባታል። ሰውዬው አይጥ ነው ብዬ ስነግረው ተቆጣኝ። ትልቅ በሽታ ነበር የጠበቀው።

እማማ ማርታ ቅቤዋን ሸጣ ስትመለስ ጎራ አለች። ለልጄ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ ሰጠችኝ። አንቺ ማቴዎስ፣ ምነው ከሳሽ አለችኝ። ከአሪኛ የመጣች አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የምትለው። አዲስ ደንበኛ ይስቃል። እኔ አልስቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከጎፋ ድንጋይ ልሸከም ስመጣ፣ ማደሪያ አጥቼ ቤ/ክ ደጅ ላይ ስቀመጥ፣ አንቺ ልጅ፣ ተነሺ ብላ ቤቷ የወሰደችኝ እሷ ናት። ሁለት ዓመት በላሁ፣ ጠጣሁ። እንደ እናት ናትና አንቱ ብያት አላውቅም።

ሰኞ ካኮ ገበያ እሄዳለሁ አለች። ከታሪኩ ጋር፣ ከፊት ወንበር። የፊቱ ወንበር የሷ መሆኑን መንገደኛው ሁሉ ያውቃል።

ሰኞ፣ ግንቦት 11፤ ጠ. 1፡40

ጋራዡን ሳልከፍት ታሪኩ በር ላይ። መብራቱ ዳግመኛ በርቷል። ከኋላ አምስት ሰው፣ ከፊት እ/ማርታ የቅቤ ቅሏን ታቅፋ።

ያው ኮድ። ሽቦዎቹን ለካሁ፤ ደህና ናቸው። ሞተሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ሽቦው ሲሞቅ ወይ ሲነቀነቅ ነው የሚያዘው። ማሞቅ ነበረብኝ፤ ኤሌክትሪኩ ከትናንት ማታ ጀምሮ አለ። የሚስቴን የትዕግሥትን የፀጉር ማድረቂያ ፎን ከፀጉር ቤቷ አምጥቶ ሩብ ሰዓት ማሞቅ። ሚስቴ ፎኗን ለመኪና ስጠይቃት ፊቷ ይጠቁራል፤ ደግሞ ገና ተኝታለች።

እ/ማርታ በመስኮት አንገቷን አወጣች። አንቺ ማቴዎስ፣ ፀሐይ መጣ፣ ቅቤ ይቀልጣል። ሁሉም ሳቁ። እኔም።

ታሪኩ ለዛሬ ብቻ አጥፋልኝ፣ ስመለስ ቀኑን ሙሉ ታቆማታለህ አለ። እዚህ ደንበኛ ጠግንልኝ አይልም። አጥፋልኝ ነው የሚለው። መብራቷ ካልታየች በሽታ የለም።

መብራቱን አጠፋሁለት። ሄዱ። ተመልሶ ሲመጣ አሙቄ አያለሁ።

ያው ሰኞ፤ ከሰ. 10፡30

የብየዳ ቤቱ ሰውዬ ሮጦ መጣ። አልሳቀም።

ከካኮ ሲወጡ ዳገቱ ላይ። ነጯ ኤሌክትሪክ። አንድ የጭነት መኪና ልትቀድም ወጥታ መሐል ላይ ደከመች። ከፊት ሌላ መጣ። ታሪኩ ወደ ቦዩ ጠመዘዘ። ተገለበጠች።

ሆ/ል ነኝ። ኮሪደር ላይ። ከኋላ የነበሩት ተርፈዋል፤ አንዱ እጁ ተሰብሯል። ታሪኩ ግንባሩ ተሰፍቶ ፖሊስ ይዞት ሄደ። እ/ማርታን ውስጥ አስገብተዋታል። አንዲት ነርስ ወጣች፤ ቤተሰብ ማነው አለች። እጄን አነሳሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፤ ከሰ. 9፡00

ቀበርናት።

ዝናቡ የጉድጓዱን አፈር ጭቃ አደረገው። መዘምራኑ በአሪኛ ዘመሩ። ቃሉን ሁሉ አልያዝኩትም፤ "ቤት" የሚለውን ግን ለይቼ ሰማሁት። አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ፣ እንደ ልጅ። ትዕግሥት ክንዴን ይዛ ነበር።

ልጇ ራሔል መጣችብኝ። ዓይኗ አብጧል። ታሪኩን እስክሞት ይቅር አልለውም አለች። ለገበያ ሰው ብሎ፣ ለአንድ ዙር ብሎ፣ በዳገት ቀድሞ እናቴን ገደላት። አንተ የመኪና ሰው ነህ፤ እውነቱን አንተ ታውቃለህ አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ዓርብ፣ ግንቦት 15፤ ጠ. 4፡00

ት/ፖሊስ ጠራኝ። ሊያስሩኝ መሰለኝ። ጉዳዩን የያዘችው ሳጅን ግን በትሕትና ነው የተቀበለችኝ። ወንበር ሰጠችኝ። ታሪኩ ኃይል አጣሁ ነው የሚለው፣ መኪናዋ በራሷ ደከመችብኝ ይላል አለች። ሁሉም ሹፌር እንዲህ ይላል። ለማጣራት የኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። በከተማው ስካነር ያለህ አንተ ብቻ ነህ፤ መርምርና ጻፍልን።

ደብተር፣ ይገባሃል? መብራቱን ያጠፋሁትን መኪና እንድመረምር እኔኑ ጠሩኝ።

ከአደጋው በፊት ምልክት አሳይታ ነበር ወይ ብላ ታሪኩን ጠይቃዋለች። ምንም መብራት አላየሁም ብሏል። በጽሑፍ። ፈርሞበታል።

ለምን?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፤ ከሰ. 7፡30

ለትዕግሥት ነገርኳት። ሁሉንም፤ ቢጫውን መብራት፣ ሩብ ሰዓቷን፣ የታሪኩን ፊርማ። የደንበኛ ፀጉር እየሠራች ነበር፤ ጨርሳ ሸኝታት በሩን ዘጋችና ተቀመጠች።

ማን ጠየቀህ አለች። እሱ አላየሁም ካለ አንተ ምን ቤት ነህ። ጋራዡ ይዘጋል፣ አንተ ትታሰራለህ፣ ልጅቷ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት። ከዚያ መላ ፈጠረች። ሽቦው ተበላሽቷል ብለህ ጻፍ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አትጻፍ። ታሪኩም ይወጣል፣ አንተም ትተርፋለህ።

ጥሩ መላ ነው። ሚስቴ ብልህ ናት። ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ አመላለስኩት። ደስ አላለኝም፤ ግን ያዝኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 18፤ ቀን 6፡40

ጠዋት ስወጣ ትዕግሥት ፎኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኛለች። ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል።

ፖሊስ ግቢ። ነጯ ጣሪያዋ ተጨፍልቆ ሜዳ ላይ ቆማለች። የፊቱ ወንበር ሥር የቅቤው ቅል ስብርባሪ። ሽታው አለ። ሳምንት ሙሉ ዝናብ ወርዶበትም አለ። ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ ቆየሁ። ሳጅኗ ውሃ አመጣችልኝ።

ጓንት አጠለቅኩ። የትልቁን ባትሪ መቁረጫ ነቀልኩ፣ ኃይሉ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ከመንቀሌ በፊት ስካነሩን ሰክቼ ነበር፤ ኮዱ ሁለት ገጽ አይበቃውም። ስትገለበጥ ያልተቆረጠ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ሽቦ የየራሱን ይጮኻል። የቱ በፊት የነበረ፣ የቱ በግጭቱ የመጣ፣ መለየት አይቻልም። የፊተኛው መዝገብ ቢኖር ይለይ ነበር። እሱን እኔ ሰርዤዋለሁ።

የሴንሰሩን ሶኬት አወጣሁ። ቀዝቃዛ ሆኖ ለካሁ፦ ሦስቱም ጥንድ ደህና። ልክ እንደዚያ ቀን። ከሳጅኗ ቢሮ ገመድ አስቀጥዬ ፎኑን ለኮስኩ። አንድ ደቂቃ። ሦስት። ሰባት ላይ የሦስተኛው ጥንድ ቁጥር ከመልቲሜትሩ ላይ ጠፋ። አጠፋሁት፤ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። ደግሜ አሞቅሁ፤ ደግሞ ጠፋ።

ሰባት ደቂቃ። እኔ ሩብ ሰዓት ነበር የፈራሁት።

ልባሱን በስስ ቢላዋ ሰነጠቅሁ። ውስጡ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል፤ ሁለት ጭራ ብቻ ነው የቀረው። ሲቀዘቅዙ ይነካካሉ፣ ሲሞቁ ይለያያሉ። የነሪ ውሃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ስምንት ወር።

ለሳጅኗ አሳየኋት። ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። ሳምንት ሙሉ ዝናብ ላይ ነው የቆመችው፣ ዝገቱ እዚህ ያገኛት ቢሆንስ አለችኝ። በሳምንት እንዲህ አይበላም አልኩ። እሱ ያንተ ቃል ነው፣ የሱ ጓደኛ መሆንህን ደግሞ አገር ያውቃል አለች። ከዚያ ዓይኔን እያየች፦

"ከአደጋው በፊት ይኼ ብልሽት መታየቱን የሚያሳይ የተጻፈ ነገር አለ?"

አንተ፣ ደብተር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበርክ። ከመልቲሜትሩ ሥር።

እፈልጋለሁ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19፤ ጠ. 5፡15

ጣቢያ። ለታሪኩ ዳቦና ሙዝ ወሰድኩለት። ግንባሩ ላይ ያለው ስፌት አብጧል። ከስቷል። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ቀብሩ ነው። ሰው በዝቶ ነበር ወይ? ራሔል እንዴት ናት? ነገርኩት፤ ይቅር አልለውም ማለቷን ግን ዘለልኩ። ሳልናገረው ገባው።

ለምን ዋሸህ አልኩት። ሁለት ጊዜ መብራት በርቶብህ ወደ እኔ መጥተሃል፣ ይኸን ብትናገር ይሻልህ ነበር። ሙዙን ሳይልጠው በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ።

"አጥፋልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ" አለ። "አንተ ሽቦ ነካህ እንጂ እሷን አልነዳሃትም። ከእኔ ጋር የተሳፈረችው እኔን አምና ነው። አንተ ልጅ አለህ፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። ዝም በል፣ ማቲ።"

ለካ እሱም እንደ እኔ ያቺን ሰኞ ከሐሳቡ አላወጣትም። የጭነት መኪናዋን ለመቅደም ያየሁት ቦታ ሰፊ ነበር አለ፤ እግሬን ጫንኩ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ምንም። እግሬ ወለሉን ነካ፣ ምንም። እ/ማርታ ምን አለች አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ እንጂ መጠየቅስ አልነበረብኝም።

"አንቺ ታሪኩ፣ ቀስ በይ" አለች አለኝ።

ሁለታችንም አለቀስን። ዘቡ ፊቱን አዞረልን።

ያው ማክሰኞ፤ ከሰ. 9፡40

ጋራዥ። በሩን ዘግቼ። ገለጥኩህ።

ግንቦት 11። የራሴ ጽሕፈት። የተጣደፈ፣ የሚስቅ ሰው ጽሕፈት። መብራቱን አጠፋሁለት። ሄዱ።

ደጋግሜ አነበብኩት። "ለት" የሚሉትን ሁለት ፊደላት ባወጣ ምን ይቀራል? አጠፋሁ። ሌላ ቃል አያስፈልገውም። አማርኛ ለመብራቱም ለበደሉም ያንኑ ቃል ሰጠኝ። ስጽፈው አላየሁትም።

ገጹን ያዝኩ። በሽቦ የተጠረዝክ ደብተር ነህ፣ ስትቀደድ ድምፅህ እንኳ አይሰማም። ከላይ ሁለት ቀዳዳ ተለቀቀ። እዚያ ላይ እጄ ቆመ።

ብቀድደው የታሪኩ "ኃይል አጣሁ" የሹፌር ወሬ ሆኖ ይቀራል። ብተወው ፖሊስ የማያውቀውን በገዛ እጄ አስረክባለሁ። የትዕግሥት መላም አይሠራም፤ ሳጅኗ የምትፈልገው ቀኑን ነው፤ ቀኑ ያለው እዚህ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ቀኑን ስሰጣት ራሴን እሰጣታለሁ።

ፈራሁ፣ ደብተር። አልዋሽህም። መታሰሩን ብቻ አይደለም። የራሔልን ፊት። አንተ የመኪና ሰው ነህ ያለችኝን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20፤ ጠ. 2፡00

ዛሬ መብራት አለ። ብየዳው ይንጫጫል። አንዱ ደንበኛ መጣ፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ፣ የባትሪ ሙቀት መብራት በርታለች። ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ፣ አጥፋልኝ አለኝ።

አላጠፋም አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ብየዳው ቆመ። ሰውዬው ተቀይሞ ሄደ።

ወደ ራሔል ሄድኩ። ሐዘን ቤቱ ገና ሰው አለበት። ለብቻዋ ጠራኋት፤ ከጓሮው እንሰት ሥር ቆምን። ነገርኳት። ቆሜ፣ ሳልሸራርፍ። ጠዋቱን፣ የቅቤውን ቀልድ፣ ሰባት ደቂቃዋን።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ታዲያ እናቴን ማን ገደላት አለችኝ። አላውቅም አልኩ፤ ታሪኩ ብቻውን ግን አይደለም። ሂድልኝ አለች። ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ፣ ለፖሊስ ንገር ማቴዎስ አለች። ስሜን ሙሉውን ጠራችው። እስከ ዛሬ ማቲ ነበርኩ።

ትዕግሥት ምሳ አቅርባ ጠበቀችኝ። ነገ እሄዳለሁ አልኳት። እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ደግማ ታጠበች። ሸሚዝህን ልተኩስልህ አለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21፤ ጠ. 3፡05

ጣቢያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። የተተኮሰ ሸሚዝ።

በር ላይ ያለው ዘብ ምን ፈልገህ ነው አለኝ። አጥፍቼ ነው አልኩት። ምን አጠፋህ? መብራት አልኩ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያቃጠልኩ መስሎት ሊሆን ይችላል። ሳጅኗን ነው የምፈልገው አልኩ፤ ተቀመጥ አለኝ።

ሳጅኗ ከሰው ጋር ናት። በመስኮቱ ነጯ ትታየኛለች። ዛሬም ዝናብ።

ከዚህ በኋላ አንተ የእኔ አይደለህም። ያነቡሃል። ስለ ትዕግሥት አመል የጻፍኩትን፣ ባለፈው ዓመት ስለ ወንድሜ ያልኩትን፣ ያቺን በበዓል ሰሞን የተሞኘሁባትን ነገር ሁሉ። ያንብቡ። ገጽ ለይቼ ልስጥ ብል ሌላውስ የት አለ ይሉኛል። ሙሉህን ነው የምሰጠው። ሁለቱ የተለቀቁ ቀዳዳዎችህንም ያያሉ፤ ለምን እንደተለቀቁ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ለሳጅኗ የምለውን ስለማመድ ነበር። ብዙ ቃል አዘጋጀሁ፤ ሴንሰር፣ ሙቀት፣ ሦስተኛ ጥንድ። አሁን ሁሉም ጠፍቶኛል። አንዱ ቀርቷል፣ አጠፋሁ የሚለው፤ እሱ ይበቃል።

በሩ ተከፈተ። ሳጅኗ አቶ ማቴዎስ፣ ይግቡ አለችኝ። እ/ማርታ ብትሆን አንቺ ማቴዎስ፣ ግቢ ነበር የምትለው።

ልገባ ነው። እስክሪብቶውን ላስቀምጥ።